ለዱር ካሜራ የሚሆን የብረት ሳጥን፤ ብረት የሚጠብቀውና ሰው የሚጠብቀው



በዩጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ ከመሐል ገበያው በስተ ደቡብ፣ ወደ ኢንቴቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ካትዌ የሚባል ሠፈር ይገኛል። በዚህ ሠፈር የመዶሻ ድምፅ ከማለዳ እስከ ምሽት አይቋረጥም። የተጣለ በርሜል ተቀዶ የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ የአሮጌ መኪና አካል ተቆራርጦ የበርና የመስኮት ብረት ይወጣዋል፤ ላሜራ ታጥፎ ለአዳሪ ተማሪ የልብስ ሳጥን ይሆናል። የአዲስ አበባን መርካቶና በውስጡ ያለውን ምናለሽ ተራን የሚያውቅ አንባቢ ካትዌን ሳያየው እንዳየው ሊቆጥረው ይችላል። በሁለቱም ሥፍራ የሠራተኛው መነሻ ካፒታል እጁና ሌላው ሰው የጣለው ብረት ነው።

ብረት ግን ወገን የለውም። ከመኪና ጎማ ውስጥ የሚወጣው ሽቦ በአዳኝ እጅ ሲገባ የዱር እንስሳ ማነቂያ ወጥመድ ይሆናል። የመኪና ባሌስትራም ተቀጥቅጦ እግር የሚሰብር ባለ መንጋጋ ወጥመድ ይሠራበታል። በዩጋንዳ ኩዊን ኤልሳቤት ብሔራዊ ፓርክ የሚኖረውና ጄኮብ ተብሎ የሚጠራው አንበሳ እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ እግሩን ያጣው በእንዲህ ዓይነቱ ወጥመድ ነው። ይኸው በሦስት እግሩ የቀረ አንበሳ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ከወንድሙ ጋር ሆኖ አዞና ጉማሬ የሚርመሰመሱበትን የካዚንጋን ቦይ በሌሊት በዋና ሲሻገር፣ ሙቀትን ለይቶ በሚያሳይ የድሮን ካሜራ ተቀርጾ ዓለምን አስደንቋል።

እንግዲህ በዛሬው የእጅ ሙያ ጽሑፋችን የምንመለከተው ያንኑ ብረት ለጥበቃ የማዋልን ጉዳይ ነው። ይኸውም በጫካ ውስጥ ብቻውን ቆሞ የሚያልፈውን እንስሳ ሁሉ ፎቶግራፍ ለሚያነሣ ካሜራ የሚሆን የብረት ሳጥን አሠራር ነው። ሳጥኑን ለመሥራት የሚያስፈልገው ዕቃ በካትዌም ሆነ በምናለሽ ተራ፣ በጦር ሠፈር የጥገና ክፍልም ሳይቀር የማይታጣ ነው።

ካሜራው ምን ይሠራል?

በርቀት ሆኖ የዱር አውሬን በሌሊት ፎቶግራፍ የማንሣት ሐሳብ አዲስ አይደለም። ጆርጅ ሺራስ የተባለው አሜሪካዊ እንስሳው ራሱ የተዘረጋን ገመድ ሲነካ ብልጭታ እንዲበራ በማድረግ ያነሣቸው ፎቶግራፎች እ.ኤ.አ. በ1906 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጥተዋል። የዛሬው ካሜራ ገመድ አያስፈልገውም። በፊቱ ላይ የተገጠመው ስሜት አንባቢ ክፍል ከአካባቢው የተለየ ሙቀት ያለው አካል ሲንቀሳቀስ ያውቃል፤ ወዲያው ካሜራውን ያስነሣል። ሌሊት ሲሆን ለዓይን በማይታይ ወይም እምብዛም በማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ያነሣል። የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው፤ ያነሣውንም በትንሽ ሚሞሪ ካርድ ላይ ያኖራል።

የዚህ መሣሪያ ጥቅም በአገራችን በተጨባጭ ታይቷል። በአማራ ክልል፣ በቋራ ምድር፣ ከሱዳን ወሰን ጋር በሚዋሰነው በአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ እንዳለ የአካባቢው ነዋሪ ይናገር ነበር። የቃል ምስክርነቱ በሰነድ የተረጋገጠው ግን ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅትና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚያ የተከሏቸው ካሜራዎች አንበሶቹን ፎቶግራፍ ባነሡ ጊዜ ነው። ዜናው እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ ለዓለም ተሰማ። አንድ ዛፍ ሥር የተቀመጠ ትንሽ ዕቃ ባለ አገሩ ሲናገር የኖረውን እውነት አስመሰከረለት።

እንዲህ ያለው ካሜራ ተሰብሮ ወይም ተሰርቆ ሲጠፋ የሚጠፋው የዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም። የወራት ምስክርነትም አብሮት ይጠፋል። ባትሪ በገንዘብ ይተካል፤ ባለፈው ወር በዚያ መንገድ ያለፈችውን ነብር ግን ተመልሶ ፎቶግራፍ ማንሣት አይቻልም።

ካሜራውን የሚያጠፋው ማን ነው?

ሳጥን ከመሠራቱ በፊት ጠላቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ምሽግ የሚቆፍር ወታደር ጥቃቱ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ እንደሚያጤን ሁሉ፣ ሳጥን ሠሪም እንዲሁ ማድረግ ይገባዋል። የካሜራ አጥፊዎች በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያዎቹ እንስሳትና አየሩ ናቸው። ዝሆን አዲስ ነገር ሲያይ በኩምቢው ይጎትታል፤ ጅብ ያኝካል፤ ዝንጀሮ ይነቃቅላል፤ ጉንዳን በቀዳዳ ገብቶ ይሠፍራል፤ ዝናብና ጤዛም ኤሌክትሪኩን ያበላሻሉ። ሁለተኛው በመንገድ ሲያልፍ ዕቃ አይቶ የሚወስድ ሌባ ነው። ሦስተኛው ካሜራውን የሚፈራው ወይም በካሜራው የተዋረደ ሰው ነው። የብረት ሳጥን የመጀመሪያውን ይቀንሳል፤ ሁለተኛውን ያዘገያል፤ በሦስተኛው ላይ ግን ሥልጣን የለውም። ስለ ሦስተኛው ከአሠራሩ በኋላ እንመለስበታለን።

የሳጥኑ አሠራር

ለምሳሌ ያህል ወርዱ 10፣ ቁመቱ 14፣ ጥልቀቱ 8 ሳንቲሜትር የሆነ ካሜራ አለን እንበል። የሌላ ካሜራ ባለቤት በዚሁ አካሄድ ልኩን ያስተካክላል።

አንደኛ፤ የላሜራ ምርጫ። 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ላሜራ ይበቃል። የዚህ ላሜራ ክብደት በካሬ ሜትር 15.7 ኪሎ ግራም ያህል ስለሆነ፣ ከዚህ በታች በተሰጠው ልክ የሚሠራው ሳጥን ከነክዳኑ 2 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። 3 ሚሊሜትር ላሜራ ቢመረጥ ጥንካሬው ይጨምራል፤ ማጠፉ ግን ያስቸግራል፤ ተሸካሚውንም ያደክማል። ዚንክ የተለበጠ ላሜራ ከተገኘ በብየዳው መሥመር ላይ ያለው ልባጥ ተፍቆ መነሣት አለበት። የሚቃጠለው ዚንክ ጢስ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያስከትላልና። ብየዳው ደጅ፣ ነፋስ በሚያገኘው ሥፍራ፣ በብየዳ መነጽርና በጓንት ይከናወናል። ሕፃናት ከአካባቢው ይርቃሉ፤ የብየዳ ብርሃን በሩቅ ለሚያየውም ዓይን ጎጂ ነው።

ሁለተኛ፤ ልክ በካርቶን። ብረት ከመቆረጡ በፊት የሳጥኑ ቅርጽ በካርቶን ተቆርጦ ይታጠፋል፤ ካሜራውም ገብቶ ይሞከራል። ይህ ሥራ በቤት ውስጥ ከልጆች ጋር የሚሠራ ነው። ስኳድራና ሜትሮ መያዝ ለልጅ ጥሩ የሒሳብ ትምህርት ነው። በካርቶን የተገኘ ስሕተት ዋጋው አንድ ካርቶን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ አካሉን መቁረጥ። 29 በ36 ሳንቲሜትር የሆነ ላሜራ ይወሰድና ከአራቱ ማዕዘኖች 9 በ9 ሳንቲሜትር ካሬ ተቆርጦ ይወጣል። የቀረው የመስቀል ቅርጽ ይኖረዋል። አራቱ ክንፎች በሞርሳና በመዶሻ ወደ ላይ ሲታጠፉ ወርዱ 11፣ ቁመቱ 18፣ ጥልቀቱ 9 ሳንቲሜትር የሆነ ፊቱ ክፍት ሳጥን ይወጣል። አራቱ ማዕዘኖች ይበየዳሉ፤ ሹል ጠርዝ ሁሉ በሞረድ ይለሰልሳል።

አራተኛ፤ ክዳኑን መሥራት። 20 በ27 ሳንቲሜትር ከሆነ ላሜራ ከየማዕዘኑ 4 በ4 ሳንቲሜትር ተቆርጦ በተመሳሳይ መንገድ ይታጠፋል። ፊቱ 12 በ19 ሳንቲሜትር፣ ከንፈሩ 4 ሳንቲሜትር የሆነ ክዳን ይገኛል። ይህ ክዳን እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ክዳን ከላይ ሆኖ አካሉን ያለብሰዋል። በዙሪያው ጥቂት ሚሊሜትር ልቀት ስለሚኖረው ቀለም ከተቀባ በኋላም አይጣበቅም። ማጠፊያ ያልተደረገበት ምክንያት አለ። ማጠፊያ ከውጭ ከታየ ሌባ የሚጀምረው ከእርሱ ነውና።

አምስተኛ፤ መወርወሪያው። ከሳጥኑ ግርጌ 1.5፣ ከአካሉ ፊት 2 ሳንቲሜትር ገባ ብሎ፣ የክዳኑንና የአካሉን ሁለት ጎኖች ባንድነት የሚያልፍ የ15 ወይም የ16 ሚሊሜትር ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ይበሳል። በዚህ ቀዳዳ 14 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 16 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ልሙጥ ፌሮ ይገባል። የፌሮው አንድ ጫፍ እንዳያልፍ ወፍራም ሮንዴላ ይበየድበታል፤ በሌላው ጫፍ ላይ የጓጉንቸሩ ቀስት የሚገባበት 7 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበሳል። በክዳኑ ጎን በጓጉንቸሩ አካባቢ አጭር የቱቦላሬ ቁራጭ ቢበየድ መጋዝና መቁረጫ መቀስ ወደ ቀስቱ እንዳይደርሱ ይከላከላል። መወርወሪያው ከካሜራው ጋር እንዳይጋጭ በውስጥ በኩል ከግርጌው 3 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ሁለት የአንጎላሬ ቁራጮች ይበየዱና ካሜራው በእነርሱ ላይ ይቀመጣል።

ስድስተኛ፤ የፊት ቀዳዳዎች። ብዙ ሠሪዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ካሜራው ሦስት ዓይን አለው፤ አንዱ ፎቶግራፍ የሚያነሣበት ሌንስ፣ ሁለተኛው ሙቀት የሚያውቅበት ክፍል፣ ሦስተኛው የሌሊት ብርሃን የሚሰጥበት ነው። ሦስቱም በክዳኑ ላይ ከልካቸው ጥቂት ሰፋ ተደርገው ይከፈታሉ፤ ጠርዛቸውም ወደ ውጭ እየሰፋ እንዲሄድ በሞረድ ይገፈፋል። ለጥንካሬ በሚል መስታወት መግጠም አይገባም። ተራ መስታወት ከእንስሳ ገላ የሚወጣውን ሙቀታዊ ጨረር አያሳልፍምና ካሜራው ዝሆን ፊቱ ቢቆም እንኳ አያውቅም። በሌሊትም ብርሃኑን መልሶ በሌንሱ ላይ ያንጸባርቃል። ካሜራው ከክዳኑ ጋር ተጠግቶ እንዲቀመጥ ከኋላው የአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ታጥፎ ይደረጋል። በስልክ መሥመር ምስል የሚልክ ካሜራ ከሆነ ብረቱ ሞገዱን ስለሚያግድ አንቴናው ከሳጥኑ መውጣት አለበት።

ሰባተኛ፤ ውኃና ጉንዳን። ከቀዳዳዎቹ በላይ 3 ሳንቲሜትር የምትወጣ ትንሽ የዝናብ መከላከያ ትበየዳለች። ከሳጥኑ ግርጌ ሁለት የ5 ሚሊሜትር ቀዳዳዎች ለውኃ መውጫ ይበሳሉ፤ በቀጭን ወንፊት ሽቦም ይሸፈናሉ። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘው የሲሊካ ጄል ከረጢት ካሜራው ውስጥ ብትቀመጥ እርጥበት ትመጣለች። እመቤቶች ይህችን ከረጢት ባይጥሏት ትጠቅማለች፤ ከሕፃናት እጅ ግን መራቅ አለባት።

ስምንተኛ፤ ቀለም። ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባል፤ በላዩም የማያብረቀርቅ የአፈር ወይም የዛፍ ቅርፊት መልክ ያለው ቀለም ይደረግበታል። ውስጡ ደብዛዛ ጥቁር ይሁን። ራሱን ከጠላት ዓይን የመሰወር ትምህርት የወሰደ ወታደር የሚያብረቀርቅ ነገር ምን ያህል ከሩቅ እንደሚጣራ ያውቀዋል። ሳጥኑ ወደ ጫካ ከመሄዱ በፊት የቀለሙ ሽታ እስኪጠፋ ድረስ ለበርካታ ቀናት ደጅ ይሰነብታል።

አተካከል

በሳጥኑ ጀርባ ላይ ሦስት ቀዳዳዎች ይኖራሉ። ቡሎኖቹ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚገቡ ክዳኑ ከተቆለፈ በኋላ ሊፈታቸው የሚችል የለም። በተከለለ ደን ውስጥ ግን ዛፍ ማቁሰል አይገባም፤ በዚያ ፈንታ ሰንሰለት ወይም የተተከለ ቱቦላሬ ይመረጣል። 1.5 ሜትር ከሆነ ቱቦላሬ 60 ሳንቲሜትሩ በሲሚንቶ ይቀበራል፤ ተጎትቶ እንዳይነቀልም በእግሩ ላይ የፌሮ ቁራጭ መስቀለኛ ሆኖ ይበየድበታል። ነብርን ለመሰለ እንስሳ ከመሬት ከ40 እስከ 50 ሳንቲሜትር ከፍታ ተስማሚ ነው። የምትወጣዋና የምትጠልቀዋ ፀሐይ ሌንሱን እንዳትመታው ፊቱ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይዞራል።

አንድ እውነት መደበቅ አይገባም። የቆረጠ ዝሆን ወይም መቁረጫ ዲስክ የያዘ ሰው ይህን ሳጥን ያሸንፈዋል። ሳጥኑ ጊዜ ይገዛል እንጂ ዘለዓለማዊ ጥበቃ አይሰጥም። «ቤትህን ዝጋ፣ ጎረቤትህን ሌባ አትበል» የሚለው የአበው ምክርም ትርጉሙ ይኸው ነው። መቆለፊያ ለደካማ ሐሳብ ፈተና እንዳይሆን ያደርጋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ጥበቃ የሚገኘው ከጎረቤት ነው።

ብረት የማይጠብቀው

አሁን ወደ ሦስተኛው ሰው እንመለስ። በህንድ አገር በኮርቤት የነብር ጥብቅ ሥፍራ የተካሄደና በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ለሁላችንም ትምህርት ይሆናል። በዚያ ጫካ እንጨትና ሣር የሚሰበስቡ ሴቶች ለነብር ተብለው በተተከሉ ካሜራዎች ሳያውቁና ሳይፈቅዱ ይነሡ ነበር። ለመጸዳዳት ወደ ጫካ የገባች የአንዲት ሴት ምስል በአካባቢው ወንዶች ስልክ ላይ ተሠራጨ። የመንደሩ ሰዎችም ተቆጥተው ካሜራዎችን ሰባበሩ።

ከዚህ የከፋም ደረሰ። ሴቶቹ ቀድሞ በጫካው ውስጥ ሲሄዱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይዘፍኑና ይነጋገሩ ነበር። ይህም ዝሆንና ነብር ሰው መኖሩን ሰምተው እንዲርቁ ያደርግ ነበር። ካሜራ እየተመለከታቸው መሆኑን ባወቁ ጊዜ አፈሩ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። ለተመራማሪዎቹ ቃሏን ከሰጡት ሴቶች አንዷ ከጊዜ በኋላ በነብር ተገድላለች። እንግዲህ ለአውሬ ጥበቃ የተተከለ ዕቃ የሰውን መከላከያ ነጠቀ ማለት ነው። ያንን ካሜራ በአሥር ሚሊሜትር ብረት ቢያጥሩት ለመንደሩ ምን ይጠቅመው ነበር?

በእኛም አገር በየጦር ሠፈሩ አካባቢ ጎህ ሲቀድ ወደ እንጨትና ወደ ውኃ የሚወርዱት እነማን እንደሆኑ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። የወታደሩ ባለቤት፣ እኅትና ልጅ ናቸው፤ ወይም የገበሬው ናቸው። ስለሆነም ካሜራ የሚተክል ሰው የጫካውን መንገድ ከጠባቂው ብቻ ሳይሆን ከሴቶቹም መጠየቅ ይኖርበታል። በየት እንደሚያልፉ፣ የት እንደሚያርፉና ለብቻቸው የሚሆኑት በየት በኩል እንደሆነ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ዩጋንዳ ለመለዮ ለባሽ ሁሉ ሌላ ትምህርት ትሰጣለች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዚያች አገር 30,000 ያህል ዝሆኖች እንደነበሩ ይገመታል። በኢዲ አሚን ዘመንና እርሱ እ.ኤ.አ. በ1979 ከወደቀ በኋላ በነበረው ሁከት ወታደራዊ ጠመንጃ በየእጁ ተበትኖ አራዊቱን ፈጀ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቀሩት ዝሆኖች 2,000 ገደማ ብቻ ነበሩ። አውራሪስ በዱር ፈጽሞ ጠፋ። ከካምፓላ በስተ ሰሜን በሚገኘው በዚዋ የአውራሪስ ማቆያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ እንደገና ማርባት የተጀመረው ከኬንያና ከአሜሪካ በመጡ እንስሳት ነው። ያጠፋው ጠመንጃ ነው፤ ጠመንጃውን ይዞ የነበረው ደግሞ ሰው ነው።

መልሶ ለመገንባት ዩጋንዳውያን በጠመንጃ ብቻ አልተማመኑም። እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመውና ዋና መሥሪያ ቤቱ በካምፓላ የሚገኘው የዩጋንዳ የዱር እንስሳት ባለ ሥልጣን፣ ከፓርክ መግቢያ ክፍያ 20 በመቶውን በፓርኩ ዙሪያ ላሉት አስተዳደሮች እንዲያካፍል በሕግ ተደንግጓል። ይህ ማለት ችግሩ ሁሉ ተወግዷል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በኢሻሻ ስድስት አንበሶች ተመርዘው ተገኝተዋል። ይሁን እንጂ ከአንበሳው የሚገኘውን ጥቅም የሚቋደስ ጎረቤት አንበሳውን የሚያየው በሌላ ዓይን እንደሆነ የታወቀ ነው።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ሳጥን ሠሪው ከብየዳው በኋላ የሚፈጽማቸው አራት ተግባራት አሉት። መጀመሪያ፣ ካሜራው ከመተከሉ በፊት ለአካባቢው ሽማግሌዎችና ለሴቶቹ ለምን እንደሚተከልና ማን ምስሉን እንደሚያይ ይነገራል፤ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድም ይጠየቃል። ሁለተኛ፣ ወደ ውኃ፣ ወደ እንጨትና ወደ መጸዳጃ በሚወስድ የሰው መንገድ ላይ አይተከልም። ሦስተኛ፣ ሰው የተነሣበት ምስል ካለ ለማንም ሳይታይ ይጠፋል፤ ከሠፈር ወደ ሠፈር በስልክ አይዞርም። አራተኛ፣ የተገኘው የእንስሳ ምስል ታትሞ ለአካባቢው ሰዎችና ለተማሪዎች ይታያል፤ የሚጠበቀው ሀብት የእነርሱ ነውና።

በሳጥኑ ክዳን ላይም «ይህ ካሜራ አራዊትን ለመቁጠር የተተከለ ነው፤ የሰው ምስል አይያዝበትም» የሚል ጽሑፍ በአካባቢው ቋንቋ ይጻፍ። ጽሑፉ ግን የሚሠራው የጻፈው ሰው ቃሉን ሲጠብቅ ብቻ ነው። መለዮ የለበሰ ሰው አንድ ጊዜ ቃሉን ካጠፈ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ወታደር ሁሉ እዳውን ሲከፍል ይኖራል።

ውድ አንባብያን፤ 2 ኪሎ ላሜራ፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ፌሮና አንድ ጓጉንቸር ከዝናብ፣ ከጅብና ከመንገደኛ ሌባ ይከላከላሉ። ይህን ሥራ በዕረፍት ቀን ከቤተሰብ ጋር መሥራት የሚያስደስትም የሚጠቅምም ነው። የቀረውን ጥበቃ የምታደርገው እንጨቷን ተሸክማ በካሜራው አጠገብ ስታልፍ ሳትሸማቀቅ የምትዘፍነዋ ሴት ናት። እርሷ በሰላም እስካለፈች ድረስ ሳጥኑም በቦታው ይቆያል።